የአባቴ እመይቴ

አባቴ በሺር ወይዘሮ አረጋሽን ይዞ ኮምቦልቻ ቤታችን የመጣው በ1969 ዓ.ም. በጥር ወር፣ እሑድ ጠዋት ነው። እኔ ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። የምኖረው ከእናቴ እህት ከመርየም ጋር ነው። ቤታችን ከባቲ መንገድ ወረድ ብሎ፣ የቦርከና ውሃ ድምፅ ከሚሰማበት ሰፈር ነበር።

መርየም በዋዜማው፣ «አባትሽ ነገ ይመጣል። አንዲት አሮጊት እንግዳ ይዟል። ማናት ብለሽ አትጠይቂ፣ ለጎረቤትም ትንፍሽ አትበዪ» ብላኝ ነበር። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ አዲስ ነገር አልነበረም። የሚደበቅ ዘመድ የሌለው ሰው ጥቂት ነበር። ስለዚህ አልጠየቅሁም። ጠዋት ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ማሽላ ስለቅም በሩ ተንኳኳ።

አባቴ ቀድሞ ገባ። ከኋላው አንዲት ሴት ጀርባዋ ላይ እቃ አዝላ ተከተለችው። የደበዘዘ ቀሚስ ለብሳ፣ በሻሿ ላይ ጥቁር ፎጣ እስከ አፏ ተከናንባ፣ የፕላስቲክ ጫማ ተጫምታለች። እግሯ እንደ ቆሰለ ያስታውቃል። አባቴ ግንባሬን ሳመኝና ቀስ ብሎ፣ «ሰው ከጠየቀሽ እናቴ ናት። አያትሽ ናት፣ ከወረባቦ ነው የመጣችው» አለኝ። የአባቴ እናት እኔ ሳልወለድ ነው የሞተችው። እሺ አልኩት።

ሴትዮዋ ሰላም ሳትለኝ አልፋኝ ገባች። እኔም ሰፌዴን እንደያዝኩ ከኋላዋ ገባሁ። መደቡ ላይ ተቀምጣ አዝላው የነበረውን እቃ አወረደች። በዚያው ቅጽበት በመንገዱ ላይ የወታደር መኪና እያጓራ አለፈ። ሴትዮዋ ወደ እኔ ሳታይ፣

«በሩን ዝጊው» አለች።

ዝግ ያለ ድምፅ ነው። መጨረሻው ላይ ትንሽ ይጎተታል። እታዘዝ ይሆን ወይ ብሎ የማይጠራጠር ሰው ድምፅ ነው። የያዝኩት ሰፌድ ከእጄ ወደቀና ማሽላው መሬት ላይ ተበተነ።  መርየም ሮጣ መጥታ ማሽላውን ልታፍስ ጎንበስ ስትል ፊቴን አየችው፤ እጇም ባለበት ቀረ።

ያን ድምፅ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሰማሁት።

አባቴ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ፊታውራሪ በላቸው ቤት ከልጅነቱ ጀምሮ አገልጋይ ነበር። በቅሎ በመጫን ጀምሮ እልፍኝ አስከልካይ እስከ መሆን ደርሷል። ፊታውራሪ አዲስ አበባ ሲሄዱ አብሯቸው ይሄዳል፤ ለዓይናቸው ሕክምናም አሥመራ ድረስ ተከትሏቸዋል። እኛን ግን ወረባቦ፣ የፊታውራሪ መሬት ላይ ነበር ያስቀመጠን። በዓመት ሁለት ጊዜ መጥቶ ያየናል።

በ1965 ወረባቦ ላይ ዝናብ ከጠፋ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ከብቱ አልቋል፤ ሰውም ወደ መንገድ መውጣት ጀምሯል። በሚያዝያ ላይ እናቴ ኡሙሰልማ እኔንና የአራት ዓመቱን ወንድሜን አብዱልወሀብን ይዛ ደሴ አባታችን ዘንድ ለመድረስ ተነሳች። ሦስት ቀን ተጓዝን። እናቴ ቤቱን ያየችው ሙሽራ ሳለች አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንም አልጠፋትም። አረንጓዴ የብረት በር ነበር።

ሽማግሌ ዘበኛ ከፈተልን። «የበሺር ሚስት ነኝ። እነዚህ ልጆቹ ናቸው» አለችው። ሰውየው ደነገጠ። «በሺር ከፊታውራሪ ጋር አዲስ አበባ ነው። ቆይ፣ እመይቴን ልጠይቅ» ብሎ በሩን ገርበብ አድርጎ ገባ። በዚያች ክፍተት ሴትዮዋን አየኋት። በረንዳው ላይ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ይዛለች። ዘበኛው፣ «የበሺር ሰዎች ነን ይላሉ፣ እመይቴ። ልጆችም አሉ» ሲል ሰማሁት። እሷም፣ «በሺር የለም በላቸው። በሽታ ያስገቡብናል። በሩን ዝጋው» አለች። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

ዘበኛው ቆይቶ ግማሽ ዳቦ በበሩ ሥር አሾልኮ ሰጠን። ወንድሜ መዋጥ አቅቶት ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ እዚያው አጥሩ ሥር ሞተ። ሬሳ የሚሰበስቡ ሰዎች በጋሪ ወሰዱት፤ የት እንደቀበሩት አላውቅም። እናቴ አላለቀሰችም። «ኮምቦልቻ፣ እህቴ ዘንድ እንውረድ» ብላ እጄን ያዘች። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ትንሽ ልረፍ ብላ ተቀመጠች፤ በዚያው አልተነሳችም። እኔን መንገደኞች መርየም ዘንድ አደረሱኝ።

መርየም ሁሉን ከሰማች በኋላ እጇን አፌ ላይ አድርጋ፣ «ይህን አባትሽ ከሰማ ወይ ይገድላል ወይ ይሞታል። ያን ጊዜ አንቺን ማን ያሳድግሻል? ደሴ ሳትደርሱ ሐረጎ ላይ ነው የሞቱት። ደሴ አልደረሳችሁም» አለችኝ። ደጋግማ አስባለችኝ። አባቴ በሰኔ ከአዲስ አበባ ተመልሶ ሲመጣ እንደዚያው ነገርነው። ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ሙክት በግ እየጎተተ መጣ። «ለእናትሽ ሰደቃ ይሁን ብለው እመይቴ ናቸው የገዙልኝ» አለ፤ እያለቀሰ መረቃት። ከዚያ በግ ሥጋ እኔም ቀምሻለሁ። ከዚያም በኋላ ከዚያ ቤት የመጣውን እህል አራት ዓመት በላሁ።

አሁን ይህቺው ሴት መደባችን ላይ ተቀምጣለች።

አባቴ በራፉ ሥር መሬት ላይ ተቀምጦ የሆነውን ለመርየም ነገራት። ፊታውራሪ በአብዮቱ ማግስት ታስረው እዚያው እስር ቤት ሞተዋል። መሬቱ በአዋጅ ተወርሷል፤ ትልቁ ቤትም የመንግሥት ሆኗል። ሚስታቸው ወይዘሮ አረጋሽ የምትኖረው በገዛ ግቢዋ ውስጥ በሁለት የሠራተኛ ክፍል ነው። ሌላው አገልጋይ ሁሉ ሲበተን አባቴ ብቻ አልሄደም።

«ዓርብ ዕለት ስብሰባ ጠሩን» አለ አባቴ። «መድረክ ላይ አቁመው፣ የጨቆነችህን ተናገር አሉኝ። በእኔ ላይ ያደረሱት በደል የለም፣ ልጄም በእሳቸው እንጀራ ነው ያደገችው አልኳቸው። ሰዉ ጮኸብኝ። ትናንት አንድ የማውቀው ሰው፣ ሰኞ ሁለታችሁንም ይወስዷችኋል ብሎ ሹክ አለኝ። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ወጣን።»

«አሁንስ ወዴት ነው?» አለች መርየም።

«ልጃቸው እንየው ከሮም መጥቶ ጅቡቲ እየጠበቃቸው ነው። ነገ የባቲ ገበያ ስለሆነ ዛሬ በጀላል መኪና ከገበያተኛው ጋር እንሄዳለን። ከባቲ ወዲያ አፋሮች ይመሩናል። እኔም ከእንግዲህ ደሴ የለኝም። ወደብ ላይ ሥራ ባገኝ ሐዋን አስመጣታለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

ይህን ሲል ወደ እኔ አይቶ ፈገግ አለ። እኔ ግን የሰማሁት «በእሳቸው እንጀራ ነው ያደገችው» ያለውን ብቻ ነበር። በእኔ ስም ነው የተሟገተላት። ለዚህች ሴት ብሎ ሕይወቱን አደጋ ላይ የጣለው እኔ ዝም ስላልኩ ነው።

አባቴ ጀላልን ሊፈልግ ወጣ። መርየምን ጓሮ ወስጄ፣ «እሷ ናት» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን እሺ አልሽ?»

«እምቢ ብል አባትሽ ለምን ይለኛል። ምን ብዬ እመልሳለሁ?» አለች።  «ጥቂት ሰዓት ነው፣ ልጄ። ይሄዳሉ፤ ነገሩም አብሮ ይሄዳል።»

ጥቂት ሰዓት መታገሥ አልቻልኩም። ገባሁ። ሴትዮዋ ጫማዋን አውልቃ ያበጠ እግሯን ታሻለች። ስታየኝ፣ «ውሃ አምጪልኝ» አለች። ሳላስብ ሄጄ በጣሳ ቀድቼ ሰጠኋት። ለምን እንደታዘዝኳት እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠጥታ ስትጨርስ ፊት ለፊቷ ቆምኩ።

«ያውቁኛል?» አልኳት። አንቺ ልላት አስቤ ነበር፤ አፌ እምቢ አለ።

«የበሺር ልጅ አይደለሽ?»

«በስድሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ከእናቴና ከወንድሜ ጋር በርዎ ላይ ቆሜ ነበር።»

ጣሳውን መደቡ ላይ አስቀመጠች።  አራት ዓመት ሙሉ በልቤ ከዚህች ሴት ጋር ስከራከር ኖሬያለሁ። አላየሁም ብትል ይህን እላታለሁ፣ አላወቅሁም ብትል ይህን እላታለሁ ብዬ ለእያንዳንዱ መልስ አዘጋጅቻለሁ። ለተናገረችው ግን አልተዘጋጀሁም።

«የእናትሽ ሻሽ ቢጫ ነበር» አለች።

እኔ ረስቼው ነበር። የእናቴን ሻሽ ቀለም ረስቼው እሷ ታስታውሰዋለች። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ኋላ ከመስኮት አይቻት ነበር» አለች ሴትዮዋ። «የበሺር ሰዎች ናቸው ሲለኝ ዘመድ መሰሉኝ። ሚስቱ ትሆናለች ብዬ አላሰብኩም። ባስብ ኖሮ እከፍት ነበር ብዬ ግን አልዋሽሽም። በሽታውን ፈርቼ ነበር፤ የከፈተ ሁሉ ይሞታል ይሉን ነበር። በሺር ተመልሶ ሚስቴና ልጄ ሐረጎ ላይ ሞቱ ብሎ ሲያለቅስ ቀኑን ቆጠርኩት። ያን ጊዜ አወቅሁ።»

«በጉን የገዙት አውቀው ነው?»

«አውቄ ነው።»

ተነስቼ ወጣሁ። መርየም ጠራችኝ፤ አልመለስኩላትም። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከቤታችን መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። እግሬ ራሱ ወደዚያ ወሰደኝ። በሩ ላይ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ የኔነሽ ከአንድ የአብዮት ጥበቃ ጋር ቆማ ታወራለች። ስታየኝ ወሬዋን አቋረጠች።

«ምነው ሐዋ፣ ምን ሆነሻል? አመድ መስለሻል እኮ።»

ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ቤታችን ውስጥ የፊታውራሪ ሚስት አለች ማለት ብቻ ነው የሚቀረኝ። በዚያን ጊዜ በመንገዱ ማዶ አባቴ ሲመጣ አየሁት። ጀላልን እንዳገኘው ከአረማመዱ ያስታውቃል። በእጁ አንድ ብርቱካን ይዟል። አይቶኝ ብርቱካኑን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። እኔ የቀበሌ በር ላይ ምን እንደምሠራ አልጠየቀም፤ ልጁ ነኝና ምንም አልጠረጠረም። ሴትዮዋ ከተያዘች እሱም አብሮ እንደሚያዝ ያኔ ትዝ አለኝ።

«ስኳሩ መቼ ነው የሚታደለው?» አልኳት የኔነሽን።

«ሐሙስ» አለች። «ለዚህ ነው እንዲህ የሆንሽው?»

በጓሮ በኩል ሮጬ ከአባቴ ቀድሜ ቤት ገባሁ። ትንፋሼ ተቆራርጦ፣ «አባቴ እየመጣ ነው» አልኳት ሴትዮዋን። «እርስዎ ራስዎ ይንገሩት። ካልነገሩት መኪናው ላይ አይወጡም። አሁን የመጣሁት ከቀበሌ በር ነው» ስል መርየም ደረቷን ያዘች። ሴትዮዋ ግን አልለመነችኝም። ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

አባቴ ገባ። «በዘጠኝ ሰዓት ይነሳል፣ እመይቴ። ከፊት ከሾፌሩ ጎን ቦታ ያዝኩልዎ» አለ። ከዚያ በራፉ ሥር፣ ሁልጊዜ በሚቀመጥበት፣ መሬት ላይ ተቀምጦ ብርቱካኑን ይልጥልኝ ጀመር። ሴትዮዋ ከመደቡ ወርዳ ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠች። አባቴ ደንግጦ ሊነሳ ሲል፣

«ተቀመጥ በሺር» አለችው። «ሚስትህ ደሴ መጥታ ነበር። ቤቴ በር ላይ መጥታ ነበር። አንተ አዲስ አበባ ሳለህ። ዘበኛው የበሺር ሰዎች ናቸው ብሎ ጠየቀኝ፤ ዝጋባቸው አልኩት። ልጅህ የሞተው አጥሬ ሥር ነው።»

አባቴ ፈገግ አለ። ፈገግታው እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ድካምና ፍርሃት አእምሮዋን የነካት መስሎት ነው።

«የለም እመይቴ፣ ተሳስተዋል» አላት በትሕትና። «ብዙ ሰው ይመጣ ስለነበር ሌላ ሰው ይሆናል። የኔዎቹ ደሴ አልደረሱም። ሐረጎ ላይ ነው የቀሩት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሐዋ፣ ንገሪያቸው» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣልኝም።

«ሐዋ» አለ እንደገና። ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም ነበር፤ ዓይኑ ግን ተለወጠ። «ደርሳችሁ ነበር?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

መርየምን አያት። መርየም በሻሿ ፊቷን ሸፈነች። አባቴ እኔን፣ እሷን፣ ሴትዮዋን በየተራ አየን። ሦስታችንም እናውቅ ነበር። የማያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ብርቱካኑ ከእጁ ወድቆ እስከ መደቡ ተንከባለለ፤ ማንም አላነሳውም።

«ስሜን ጠርታ ነበር?» አለ።

«ጠርታለች» አለች ሴትዮዋ።

ሌላ አልጠየቀም። ተነስቶ ወጣ። የቀትሩ የዙሁር አዛን ተሰማ። በመስኮት አየሁት፤ ጓሮ ቁጭ ብሎ ውዱእ ያደርጋል። ቀኝ ክንዱን ያጥባል፤ ጨርሶ ደግሞ ያንኑ ክንዱን ያጥባል፤ ይጀምርና ይረሳዋል። እንስራው ውስጥ የነበረው ውሃ አለቀ። ከዚያ ሰገደ፤ በግንባሩ ተደፍቶ ቆየ። ብዙ ስለቆየ ወደ እሱ ልሄድ ስል መርየም ክንዴን ያዘችኝ።

ሴትዮዋ ከመሬት አልተነሳችም። «ይገድለኛል?» አለችኝ በቀስታ።

«አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነበር። አባቴን የማውቀው ይመስለኝ ነበር፤ በዚያን ሰዓት ግን ከዚያ ጓሮ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ እንደሚመለስ አላውቅም ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ገባ። ፊቱን ታጥቧል። ማናችንንም ሳያይ፣ «መኪናው ይሄዳል። ይነሱ» አለ። እመይቴ አላላትም። ከዚያ ቀን ወዲያ ያን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም።

ሴትዮዋ ባለችበት ሆና፣ «ልትወስደኝ ነው?» አለችው።

«ደሴ ብመለስ ይይዙኛል። እዚህ ብቀር እነዚህንም አብረው ይወስዷቸዋል። መንገዴ ወደ ባቲ ነው። እርስዎ መንገዴ ላይ ነዎት።»

መኪናው ዘንድ ልሸኛቸው ከኋላ ተከተልኩ። የጀላል መኪና ጆንያና ገበያተኛ ተጭኖበት ሞተሩ ተነስቷል። ሁለት ወታደሮች ተሳፋሪውን እየተዘዋወሩ ይጠይቃሉ። አንደኛው ሴትዮዋ ፊት ቆመ።

«ይቺ ማናት?» አለው አባቴን።

አባቴ ዝም አለ። ወታደሩ ያልሰማው መስሎት ጥያቄውን ደገመው። አባቴ ሴትዮዋን አያት። እሷም አየችው።  አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ ያቺ ቃል ከጠዋት ጀምሮ ተዘጋጅታለች፤ አሁን ግን የሚናገራት ሌላ ሰው ሆኗል።

«እናቴ ናት» አለ።

የሴትዮዋ እንባ ያን ጊዜ ወረደ። ጠዋት ከመጣች ጀምሮ አላለቀሰችም ነበር። ወታደሩ ጠረጠረ። «ለምንድን ነው የምታለቅሰው?» አለ።

«የልጅ ልጅ ሞቶባት ነው» አለ አባቴ። «አራት ዓመቱ ነበር።»

ወታደሩ ልጅ እግር ነው፤ ደንገጥ አለ። «እግዜር ያጽናሽ፣ እናቴ» ብሏት ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

አባቴ ሴትዮዋን ደግፎ ከሾፌሩ ጎን አስቀመጣት። እሱ ከላይ ጆንያው ላይ ወጣ። እጄን አንስቼ ጠበቅሁት። አላየኝም። መኪናው ተነስቶ የባቲን መንገድ ሲይዝ፣ አባቴ አቧራው እስኪውጠው ድረስ ወደ ፊት ብቻ እያየ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት አንድም ወሬ አልመጣም። ባቲ ላይ ተይዘዋል የሚል ሰማን፤ በረሃ ላይ ሞተዋል የሚልም ሰማን። መርየም መሞቱን ስትፈራ እኔ ግን የምፈራው አንድ ነገር ነበር። በሕይወት እያለ ሊጽፍልኝ አልፈለገም ብዬ ነበር የምፈራው።

በ1972 ከሐጅ የተመለሱ አንድ ሽማግሌ ከጅዳ የተላከ ካሴት አመጡልን። ጎረቤታችን የሱፍ ቴፕ ነበረው። በሩን ዘግተን፣ እኔና መርየም ቴፑን መሐል አስቀምጠን ተቀመጥን። መጀመሪያ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ ቀጥሎ የአባቴ ሳል።

ከባቲ ጅቡቲ አሥራ ሦስት ቀን ነው የፈጀባቸው። በመንገድ ላይ ውሃ፣ ተነሱ፣ እንረፍ ከማለት በቀር ቃል አልተነጋገሩም። በሰባተኛው ቀን ሴትዮዋ አሸዋው ላይ ተቀምጣ፣ እዚህ ተወኝ፣ አንተ ሂድ አለችው። አፋሮቹም እንተዋት አሉ። «ትቻት ሃያ እርምጃ ያህል ሄድኩ» አለ የአባቴ ድምፅ። «ወደኋላ አላየሁም። ሃያ አንደኛውን መራመድ አቃተኝ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፣ ለእሷ አዝኜ አይደለም። ተመልሼ ግመል ላይ ጫንኳት።»

ጅቡቲ ልጇ እንየው በመኪና ጠበቃቸው። እናቱን አቅፎ ካለቀሰ በኋላ ለአባቴ ገንዘብ ያለበት ፖስታ ዘረጋለት። ሴትዮዋ የልጇን እጅ ያዘች። «አትስጠው» አለችው። «ለዚህ ሰው የምንሰጠው ነገር የለንም።» እዚያው መንገድ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ቆማ፣ ሁሉንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችው። ልጅየው አባቴን፣ «ሙቀቱ ነው፣ በረሃው አእምሮዋን ነክቷታል» አለው። አባቴም፣ «የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው» ብሎ መንገዱን ሄደ። ሮም ወሰዳት ሲባል ሰምቷል፤ ከዚያ ወዲያ አያውቅም። እሱ ወደብ ላይ አንድ ዓመት ሸክም ተሸክሞ በጀልባ ወደ ጅዳ ተሻገረ።

ቴፑ እዚህ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ያለቀ መሰለንና መርየም ልታጠፋው እጇን ስትዘረጋ ድምፁ ተመለሰ።

«ሐዋ» አለ። «ያን ቀን ሳልሰናበትሽ ሄድኩ። የተቆጣሁት በእሷ አልነበረም፤ ከእሷ ይልቅ በአንቺና በመርየም ነበር። ደብቃችሁኝ ያቺ ሴት የሰጠችኝን ስመርቅ እያያችሁኝ ዝም አላችሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህ ነገር አላስተኛኝም። በቀደም ዕለት የምሠራበት ቤት አንዲት ሕፃን አየሁ። ስንት ዓመቷ ነው አልኳቸው። አሥራ ሁለት አሉኝ። ትንሽ ናት። በጣም ትንሽ ናት። ያን ቀን እናትሽ ስትቀመጥ አጠገቧ የነበርሽው አንቺ ይህችን የምታክል ልጅ እንደነበርሽ ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም። ልጄ፣ ማን አብሮሽ ነበር?»

ንግግሩ በዚህ አለቀ። መርየም ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ደንዝዤ የሚዞረውን ክር ሳይ ቆየሁ። አባቴ ስለዚያ ቀን ሲጠይቀኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ የጠየቀኝ ሰውም ከእሱ በፊት አልነበረም።

በማግስቱ የሱፍን ለምኜ ቴፑን ሙሉ ቀን ተዋስኩት። ካሴቱን ገልብጬ ከተትኩና ድምፅ የሚቀዳውን ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ።  ከዚያ ከወረባቦ ከተነሳንበት ጠዋት ጀምሬ፣ ማን ምን እንዳለ፣ እናቴ መንገድ ላይ ምን እያለች እንደዘፈነችልን፣ ሐረጎ ላይ ስትቀመጥ ማንም ሳይኖር እኔ ብቻ እጇን ይዤ እንደነበር፣ እስኪያልቅ ድረስ ነገርኩት።